የደንበኞችን መግቢያ በክላውድ ማስተዳደር፦ ከባሕር ዳር መተግበሪያ ሠሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ለሆቴል ማስያዣ፣ ለጣና ጀልባ ትኬት፣ ለአሳና ለቡና ሽያጭ፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ መተግበሪያ ከሚሠሩ ሰዎች የሚመጡ ናቸው። ኮድ መጻፍ ለሚችል አንባቢ ተብሎ ተጽፏል። የደኅንነት ባለሙያ መሆን ግን አያስፈልግም።

የክላውድ መግቢያ አገልግሎት ምኑን ይሠራልናል? ምኑ ለእኛ ይቀራል?

አገልግሎቱ ደንበኛውን ይመዘግባል፣ ስልኩን ወይም ኢሜይሉን ያረጋግጣል፣ የይለፍ ቃሉን በማይገለበጥ መልክ ያስቀምጣል፣ የረሳውን ያስመልሳል፣ ማን መቼ ከየት እንደገባ ይመዘግባል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ መተግበሪያችሁ ደንበኛውን ወደ አገልግሎቱ የመግቢያ ገጽ ይልካል። ደንበኛው እዚያ ይገባና በጣም አጭር ዕድሜ ያለው ኮድ ይዞ ይመለሳል። ያንን ኮድ በቶክን፣ ማለትም ደንበኛው መግባቱን በሚያሳይ ዲጂታል ማስረጃ፣ ትለውጣላችሁ። ይህ የኦአውዝ 2.0 እና በላዩ የተሠራው የኦፕን አይዲ ኮኔክት ሥርዓት ነው፤ የመጀመሪያው በ2012፣ ሁለተኛው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ለሞባይል መተግበሪያ ፒኬሲኢ የተባለው ተጨማሪ ጥበቃ መኖር አለበት፤ ስልክ ውስጥ የተቀበረ ምስጢር ምስጢር ሆኖ ስለማይቆይ።

የሚመለሱት ቶክኖች ሦስት ናቸው። የመታወቂያ ቶክኑ ማን እንደገባ ለመተግበሪያው ይነግራል። የመዳረሻ ቶክኑ ለኤፒአያችሁ የሚቀርብ ነው። የማደሻ ቶክኑ ደግሞ የመዳረሻው ዕድሜ ሲያልቅ አዲስ ለማውጣት ያገለግላል። በብዛት የምናየው ስህተት የመታወቂያ ቶክኑን ለኤፒአይ መላክ ነው። ይሠራል፤ ችግሩም መሥራቱ ነው። ለመተግበሪያው የተሰጠውን ወረቀት ሰርቨሩ እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል ማለት ነው። ሰርቨሩ ፊርማውን፣ ሰጪውን፣ ለማን እንደተሰጠና የሚያበቃበትን ጊዜ አራቱንም ማጣራት አለበት።

የማይሠራላችሁ ነገርም አለ፦ ማን ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ውሳኔ። የጀልባ ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ትኬት መሰረዝ ይችላል፣ ነጂው ግን አይችልም የሚለው ደንብ በእናንተ ኮድና ዳታቤዝ ውስጥ ይኖራል።

ራሳችን ብንሠራውስ?

ስምና የይለፍ ቃል የሚቀበል ሠንጠረዥ ቀላል ነው። ከባዱ ማስመለሻው፣ የተሰረቀ የይለፍ ቃል ሙከራን መከላከሉ፣ የኮድ አላላኩና የሌሊት ጥበቃው ነው። አማራጮቹ ብዙ ናቸው፦ የአማዞን ኮግኒቶ፣ የጉግል ፋየርቤዝ ኦተንቲኬሽን፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦክታ ሥር ያለው ኦውዝ ዜሮ፣ የማይክሮሶፍት ኤንትራ ኤክስተርናል አይዲ። የማይክሮሶፍት የቀድሞ አገልግሎት የሆነው አዙር ኤዲ ቢ ቱ ሲ ከሜይ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ደንበኛ አይሸጥም፤ እሱን የሚያስተምሩ የቆዩ ቪዲዮዎች ግን አሁንም ይዞራሉ፣ አትከተሏቸው። ክፍት ምንጭ የሆነው ኪይክሎክ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይጫናል፤ ዳታቤዙን፣ መጠባበቂያ ቅጂውንና ማሻሻያውን ግን የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ቡድናችሁ ትንሽ ከሆነና ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ከሌለ አገልግሎት ተጠቀሙ። በዶላር መክፈል እርግጠኛ ካልሆነ ደግሞ ኪይክሎክ ይሻላል፤ በክፍያ ምክንያት አንድ ጠዋት ማንም መግባት ከማይችልበት ሁኔታ ይጠብቃችኋል።

የይለፍ ቃል ራሳችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ የይለፍ ቃልን ወደማይገለበጥ መልክ የሚቀይረውን አርጎን 2 አይዲን በ19 ሜጋባይት ሜሞሪ፣ በ2 ዙር፣ በ1 ትይዩ አሂዱ፤ ይህ የሶፍትዌር ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ ከሚመክራቸው ልኮች አንዱ ነው። ለዚሁ ሥራ የቆየውን ቢክሪፕትን የምትጠቀሙ ከሆነ ከ72 ባይት በላይ ያለውን እንደማይመለከት እወቁ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ረጅም የይለፍ ሐረግ ከ24ኛው ፊደል በኋላ ያለው ምንም ቢሆን ይገባል ማለት ነው። አንዳንድ ላይብረሪ ደግሞ በዝምታ ከመቁረጥ ይልቅ ስህተት ይመልሳል፤ የእናንተው የትኛውን እንደሚያደርግ ሞክሩት።

ደንበኛው በምን ይግባ? በስልክ ቁጥር ወይስ በኢሜይል?

በስልክ። አብዛኛው ደንበኛችሁ ኢሜይል የሚኖረው ስልኩን ሲገዛ ሻጩ ስለከፈተለት ነው፤ የይለፍ ቃሉንም አያውቀውም። ይሁን እንጂ ስልክ ቁጥር መግቢያ በር እንጂ ደንበኛው ራሱ አይደለም። ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን ያልያዘ መተግበሪያ በኋላ ብዙ ይከፍላል።

መጀመሪያ ቁጥሩን በአንድ መልክ አስቀምጡ፦ የመደመር ምልክት፣ 251፣ ከዚያ 9 አኃዝ። ደንበኛው በ09፣ በ07፣ በ9፣ በ251 ወይም በ00251 ጀምሮ ሊጽፍ ይችላል፤ ሁሉም ወደ አንዱ መልክ ተቀይረው ካልተቀመጡ አንድ ሰው ሁለት አካውንት ያወጣል፣ የገዛው ትኬትም «ጠፋ» ይላችኋል። ቁጥሮቹ በ09 ብቻ ይጀምራሉ ብሎ የሚያጣራ የቆየ ኮድ የሳፋሪኮምን ደንበኛ በሙሉ ይመልሳል፤ አሁንም ያጋጥማል።

ሁለተኛ፣ በዳታቤዛችሁ ውስጥ የደንበኛው ቁልፍ ስልኩ አይሁን። ራሳችሁ የምታወጡት የማይለወጥ መለያ ይኑረው፤ ስልክ፣ ኢሜይልና የጉግል አካውንት በዚያ ላይ የሚንጠለጠሉ ይሁኑ። ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲሱ ባለቤት ኮድ ጠይቆ ሲገባ የቀድሞውን ሰው ስም፣ ትኬትና ሒሳብ ያገኛል። መከላከያው እንዲህ ነው፦ ለብዙ ወራት ያልገባ ደንበኛ በአዲስ ስልክ ቀፎ ከመጣ ኮዱ ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ መረጃ ጠይቁት፤ መመለስ ካልቻለ አሮጌውን አካውንት ሳትነኩ አዲስ ክፈቱለት።

ሦስተኛ፣ አንድ ስልክ ለቤተሰብ ነው። ዘጌ ላይ ቡና የሚሸጡ አባት በልጃቸው ስልክ መመዝገባቸው የተለመደ ነው። በአንድ ቁጥር ሥር ከአንድ በላይ ስም እንዲኖር ፍቀዱ፤ ከገቡ በኋላ «ማን ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ገጽ ይበቃል።

ለውጭ አገር ጎብኚ ግን በኢሜይል ወይም በጉግል መግባትን ክፈቱ። በውጭ ሲም ላይ ኮድ ሲጠብቅ ጀልባው ይሄድበታል።

የማረጋገጫ ኮዱ አይደርስም፣ ወይም ደርሶ «ስህተት» ይላል። ለምን?

ደርሶ የሚሳሳተው ከማይደርሰው ይበዛል። ኔትወርኩ ሲዘገይ ደንበኛው «ድጋሚ ላክ» ይላል፤ ሁለተኛ ኮድ ይወጣል፤ የመጀመሪያው መልእክት አሁን ይደርሳል፤ እሱን ያስገባል፤ ሥርዓቱ ግን የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። መፍትሔው በዕድሜው ውስጥ ያለን ኮድ ድጋሚ መላክ እንጂ አዲስ አለማውጣት ነው። ባለ 6 አኃዝ ኮድ፣ 5 ደቂቃ ዕድሜ፣ ከድጋሚ መላክ በፊት 60 ሴኮንድ ቆይታ፣ ቢበዛ 5 ሙከራ፤ እነዚህ ልኮች ለእኛ ኔትወርክ ተስማሚ ናቸው። ዕድሜውን ወደ 2 ደቂቃ ማሳጠር ደኅንነት ከመጨመሩ ይልቅ የድጋፍ ስልካችሁን ያስጮኻል።

የማይደርስበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ መንገዱ ነው። የውጭ አገልግሎት ነባሪ አላላክ በብዙ አማካይ ድርጅቶች አልፎ ይመጣል፤ ይዘገያል፣ በዶላርም ይቆጠራል። ከአገር ውስጥ ቴሌኮም ጋር ለአጭር ቁጥር ውል ገብታችሁ አገልግሎቱ ኮዱን በእናንተ ሰርቨር በኩል እንዲልክ አድርጉ። ኮግኒቶም ኦውዝ ዜሮም የራሳችሁን መላኪያ ለመሰካት ቦታ አላቸው።

የመልእክቱ ርዝመትም ገንዘብ ነው። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን መላው መልእክት በሌላ አጻጻፍ ይላካልና 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ በ67 በ67 እየተቆረጠ ይከፈልበታል። «የጀልባ ትኬት ኮድዎ 482913 ነው። ለማንም አይንገሩ።» የሚለው ክፍተቶቹና ነጥቦቹ ተቆጥረው 35 ነው። ሰላምታ፣ የድርጅት መፈክርና ሊንክ አትጨምሩበት።

በመጨረሻም የምትልኩባቸውን አገሮች ገድቡ። ክፍት የተተወ «ኮድ ላክ» ቁልፍ ካገኙ አጭበርባሪዎች ውድ ወደሆኑ የውጭ ቁጥሮች በሺህ የሚቆጠር መልእክት ያስልኩና ከክፍያው ድርሻ ይወስዳሉ። ሒሳቡ የሚመጣው ለእናንተ ነው።

ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ደንበኞች ከመተግበሪያው ይወጣሉ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሁለት ምክንያት አለው፤ አንዱ የእናንተ ኮድ ነው። ማደሻ ጥያቄው ሲከሽፍ መተግበሪያው ወዲያው ቶክኑን ደምስሶ ወደ መግቢያ ገጽ ይመልሳል። ይህ መሆን ያለበት አገልግሎቱ ራሱ «ኢንቫሊድ ግራንት» (ማደሻ ቶክኑ ከእንግዲህ አይሠራም) ብሎ ሲመልስ ብቻ ነው። መልስ ካልመጣ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ ጠብቃችሁ ድጋሚ ሞክሩ።

ሌላው ረቂቅ ነው። ብዙ አገልግሎቶች ማደሻ ቶክኑን በተጠቀማችሁበት ቁጥር ይቀይሩታል፤ አሮጌው ድጋሚ ከመጣ «ተሰርቋል» ብለው የቶክኑን ዘር በሙሉ ይሰርዛሉ። አሁን ጥያቄያችሁ ሰርቨሩ ደረሰ፣ አዲስ ቶክን ወጣ፣ መልሱ ግን መንገድ ላይ ጠፋ እንበል። ስልኩ የያዘው አሮጌውን ነው። ድጋሚ ሲሞክር እንደ ሌባ ይባረራል። ለዚህ ተብሎ የተቀመጠ የምሕረት ጊዜ ማስተካከያ አለ፤ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ አድርጉት። ነባሪው ብዙ ጊዜ ዜሮ ወይም ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ፈጣንና የማይቋረጥ መስመር ላለው አገር የታሰበ ነውና። በተጨማሪም መተግበሪያው በአንድ ጊዜ አንድ የማደሻ ጥያቄ ብቻ እንዲልክ አስሩት። ሦስት ገጽ በአንድ ላይ ሲከፈት ሦስት ማደሻ የሚልክ መተግበሪያ ራሱን በራሱ ያስወጣል።

ለዕድሜው መነሻ የሚሆን፦ የመዳረሻ ቶክን ከ15 እስከ 60 ደቂቃ፣ የማደሻ ቶክን 30 ቀን። ፋየርቤዝ የሚሰጠው ቶክን 1 ሰዓት ነው፤ አይለወጥም።

ጀልባው ዘጌ ሲደርስ ኔትወርክ የለም። ትኬቱን እንዴት እናጣራ?

ትኬቱን ፊርማ ያለበት ቶክን አድርጉትና በኪውአር ኮድ አሳዩት። ጄደብሊውቲ የተባለው አሠራር ለዚህ ይመቻል። ሰርቨራችሁ በምስጢር ቁልፍ ይፈርማል፤ የትኬት ተቆጣጣሪው ስልክ ፊርማውን ለማጣራት ብቻ የሚያገለግለውን ጥንዱን ቁልፍ (ፐብሊክ ኪይ) ይዞ ያለ ኔትወርክ ያጣራል። ቁልፉን ተቆጣጣሪው ባሕር ዳር ወደብ ላይ ሳለ በየጠዋቱ እንዲያወርድ አድርጉ። ቁልፍ ስትቀይሩም አሮጌው ፐብሊክ ኪይ በእሱ የተፈረመው የመጨረሻ ትኬት እስኪያልቅ ድረስ ስልኩ ላይ ይቆይ። አንባቢው የሚቀበለውን የፊርማ ዓይነት በኮድ ወስኑት፤ ቶክኑ ራሱ የሚናገረውን ከተቀበላችሁ «ያለ ፊርማ» ብሎ የመጣውንም ታሳልፋላችሁ።

የማይቻለውን እወቁ፦ ከአንድ ሰዓት በፊት የተሰረዘ ትኬት ያለ ኔትወርክ አይታወቅም። አንድ ትኬት ለሁለት ሰው እንዳያገለግል ተቆጣጣሪው ያነበባቸውን ቁጥሮች ስልኩ ይያዝና ሲመለስ ያመሳስል። ሁለት ተቆጣጣሪዎች በሁለት ወደብ ካሉ ትኬቱ ላይ የመነሻ ወደቡን አስገቡ።

የደንበኛውን የመግቢያ ቶክን ራሱን ኪውአር አድርጎ ማሳየት ፈጽሞ አይገባም። ፎቶ ያነሳው ሰው አካውንቱን ይከፍታል።

ከአረጋጋጭ መተግበሪያ (ኮዱን ስልኩ ላይ ራሱ ከሚያሰላው) የመጣው ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ሁልጊዜ ስህተት ነው ይላል

የስልኩን ሰዓት እዩ። ይህ ቁጥር በየ30 ሴኮንዱ ከሰዓት ላይ የሚሰላ ነው። በእኛ አገር ስልካቸውን በእጅ አስተካክለው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 1፡00 እንዲል የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ስልኩ ከዓለም ሰዓት ስድስት ሰዓት ይርቃል ማለት ነው። ቁጥሩ መቼም አይገጥምም። የቶክን ጊዜን ስልኩ ላይ የሚያጣራ መተግበሪያም «ገና ያልተሰጠ» ወይም «ያለፈበት» ይላል። መተግበሪያው ከሰርቨሩ መልስ ላይ ያለውን ሰዓት ከስልኩ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱ ከ2 ደቂቃ ካለፈ «የስልክዎን ሰዓት ወደ አውቶማቲክ ይመልሱ» እንዲል አድርጉ። የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር በመተግበሪያው ገጽ ላይ ካሳያችኋቸው ስልካቸውን የሚነካኩበት ምክንያትም ይቀንሳል። ዳታቤዝ ውስጥ ግን ሁሉም በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት (ዩቲሲ) ይቀመጥ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። የምትጠይቁት በየትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ የደንበኛው ዕድሜ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይሳሳታል። ወር መምረጫው 12 ብቻ ከሆነ ጳጉሜን የተወለደ ሰው ይቀራል።

የስም ቦታውን እንዴት እናዘጋጅ?

ነባሪው ቅጽ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይላል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው፤ ሦስት ቦታ አድርጉና አያቱን አማራጭ አድርጉት። ፍለጋ ላይ ደግሞ ሀ፣ ሐ እና ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣ ሁለተኛ ዓምድ ይኑራችሁ። ሥላሴን በሁለት ዓይነት የጻፈ ሰው በድጋፍ ስልክ ሲደውል አካውንቱ መገኘት አለበት። የሚታየው ስም ግን ደንበኛው እንደጻፈው ይቆይ።

ጾታ የግድ ይጠየቅ? የጣና ደሴት ገዳማት ወደሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች ስለማይገቡ የጀልባ መተግበሪያዎች ምዝገባ ላይ ጾታ ይጠይቃሉ። አያስፈልግም። ወደ እነዚያ ደሴቶች ጉዞ ሲያዝ ማሳሰቢያ ማሳየት ይበቃል።

ሊንኩን ከቴሌግራም ሲከፍቱ በጉግል መግባት ይከለከላል

ጉግል በመተግበሪያ ውስጥ በተቀበረ አሳሽ መግባትን ይከለክላል። ገጻችሁ ይህን አውቆ «በክሮም ክፈት» የሚል ቁልፍ ያሳይ። የራሳችሁም መተግበሪያ የመግቢያ ገጹን በዚህ ዓይነት የተቀበረ አሳሽ (ዌብቪው) ሳይሆን በስልኩ አሳሽ ይክፈተው።

«ሪዳይሬክት ዩአርአይ ሚስማች» የሚለውስ?

የመመለሻ አድራሻው ከተመዘገበው ጋር በፊደል ልክ አይገጥምም። መጨረሻ ላይ ያለውን ጭረት፣ ኤችቲቲፒና ኤችቲቲፒኤስን፣ ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊውን እዩ። ከአሥሩ ዘጠኙ እዚያ ነው።

ግቢ ውስጥ ብዙ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሲገባ ሁሉም ይታገዳል

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ያለ ተማሪ ሁሉ፣ እንዲሁም በሞባይል ዳታ የሚገባው ብዙ ሰው፣ በጥቂት የኢንተርኔት አድራሻዎች ጀርባ ነው ያለው። በአድራሻ ብቻ የምትገድቡ ከሆነ የአንዱ ስህተት የሁሉ ቅጣት ይሆናል። ገደቡን በአካውንት ላይ አጥብቁ፣ በአድራሻ ላይ ግን ላላ አድርጉት። በአካውንቱም ላይ ሙሉ በሙሉ ከመቆለፍ ይልቅ ከ5 ስህተት በኋላ ቆይታውን እያራዘሙ መሄድ ይሻላል፤ አካውንት የሚቆለፍ ከሆነ ማንም ሰው የጠላውን ሰው አካውንት ማስቆለፍ ይችላልና።

ፋይዳን ለመግቢያ መጠቀም ይቻላል?

ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ነው፤ ማረጋገጫውም በኦፕን አይዲ ኮኔክት ስለሚሠራ ከብዙዎቹ አገልግሎቶች ጋር ይገናኛል። ለማገናኘት ከብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ፈቃድ ይጠይቃል። ነገር ግን ሰውየው እውነተኛ መሆኑን አንድ ጊዜ ማረጋገጥና በየቀኑ ማስገባት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ብድር ወይም ክፍያ የምትሠሩ ከሆነ ለመጀመሪያው ተጠቀሙበት። ለጀልባ ትኬት አትጠይቁት። ባለ 12 አኃዙን ቁጥር ደግሞ የተጠቃሚ ስም አታድርጉት፤ በየገጹና በየሎጉ ይበተናል።

መረጃው ውጭ አገር መቀመጡስ?

የአማዞን፣ የማይክሮሶፍትና የጉግል የአፍሪካ ማዕከሎች ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የላቸውም። ስለዚህ መረጃው ድንበር ይሻገራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ፈቃድና ወደ ውጭ ስለማስተላለፍ ደንብ አለው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ከሕግ ሰው ጋር አንብቡት። በቴክኒክ በኩል የሚያቀልለው አንድ ነገር ነው፦ ክላውዱ ላይ ስልኩንና የእናንተን መለያ ብቻ አስቀምጡ፤ ልደት፣ አድራሻና የግዢ ታሪክ በራሳችሁ ዳታቤዝ ይሁን። ማዕከሉን አስባችሁ ምረጡ፤ አንዴ የተከፈተን የተጠቃሚ ስብስብ ወደ ሌላ ማዕከል ማንቀሳቀስ ማለት አዲስ ከፍቶ ማዛወር ነው።

ክፍያውን እንዴት እንገምት?

አብዛኞቹ የሚያስከፍሉት በወሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በገባ ተጠቃሚ ብዛት ነው፤ መልእክት ለብቻው ይቆጠራል፣ ብዙ ጊዜም ከዋናው ይበልጣል። ወቅቱን አስቡ፦ ለጥምቀትና ለፋሲካ ጎብኚ ሲበዛ ቁጥሩ ይዘላል። የብሩ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የተጻፈ ዋጋ በብር ቋሚ አይደለም። የወጪ ማስጠንቀቂያ ከመጀመሪያው ቀን አብሩ፤ ካርዱ ሲከሽፍ የሚመጣው ኢሜይልም የለቀቀ ሠራተኛ ሳጥን ውስጥ እንዳይቀር።

በኋላ ወደ ሌላ አገልግሎት መዛወር እንችላለን?

የይለፍ ቃሎቹ ላይ ይወሰናል። ፋየርቤዝ በማይገለበጥ መልክ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ከተሰሉበት ልክ ጋር ያስወጣል። ኦውዝ ዜሮ በድጋፍ ክፍሉ በኩል በጥያቄ ይሰጣል። ኮግኒቶ አያወጣም፤ ስለዚህ ደንበኛው ወይ የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፣ ወይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዳችሁ በገባ ቁጥር አንድ በአንድ ታሻግሩታላችሁ። በኮግኒቶ ላይ ሌላም አለ፦ ደንበኛው በምን እንደሚገባና የትኛው መረጃ ግዴታ እንደሆነ ስብስቡን ስትከፍቱ የመረጣችሁት በኋላ አይለወጥም። ኢሜይልን ግዴታ አድርጎ የከፈተ ሰው ለስልክ ደንበኞቹ የሐሰት ኢሜይል ሲፈጥር ይኖራል።

የመግቢያ ገጹን በራሳችሁ ዶሜይን ሥር አድርጉ። አገልግሎቱን ስትቀይሩ ደንበኛው የሚያየው አድራሻ አይለወጥም።

ስልኩ ጣና ውስጥ የወደቀበት ደንበኛ እንዴት ይመለስ?

ሲሙን በቁጥሩ ካወጣ በኮድ ይገባል፤ አዲስ ቀፎ ስለሆነ ሁለተኛ መረጃ ይጠየቃል። ቁጥሩን ካጣ ጉዳዩ ወደ ሰው ይመጣል፤ ሌቦችም የሚመጡት በዚሁ በር ነው። የድጋፍ ሠራተኛው ስልክ ቁጥር ብቻውን መቀየር እንዳይችል አድርጉ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ያጽድቅ። በአሮጌው ቁጥርና በኢሜይል «ቁጥርዎ ሊቀየር ነው፤ እርስዎ ካልሆኑ ይደውሉ» የሚል መልእክት ይሂድ። ለውጡ ከ24 ሰዓት በኋላ ይጽና፤ ነባር ማደሻ ቶክኖች በሙሉ ይሰረዙ። ሒሳብ ያለበት አካውንት ከሆነ ሰውየው መታወቂያውን ይዞ ቢሮ ይምጣ። ነገ ጠዋት ጎርጎራ የሚሄድ መንገደኛ ግን 24 ሰዓት መጠበቅ አይችልም፤ አካውንቱን ሳትነኩ ትኬቱን ብቻ ወረቀት ላይ አትሙለት።